ጨውና ጣፋጭ ውኃ፤ ከምጽዋ እስከ ጎንደር

አፄ ፋሲለደስ በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ፣ ከተማይቱ ከውጭው ዓለም የምትገናኝበት ዋናው የባሕር በር ምጽዋ ነበረ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም በ1769 ምጽዋ ወርዶ ጎንደር የገባው በየካቲት 1770 እ.ኤ.አ. ነው። በዚህ ጎዳና የሚመላለስ ነጋዴ ሁለት ተቃራኒ ችግሮች ያጋጥሙት ነበር። በደጋው ጣፋጭ ውኃ ሞልቶ ጨው ብርቅ ነው፤ በባሕር ዳር ደግሞ ጨው ሞልቶ የሚጠጣ ውኃ ብርቅ ነው።

በጎንደር ገበያ እንደ ገንዘብ ያገለግል የነበረው አሞሌ ይቆረጥ የነበረው ከአፋር በረሃ፣ ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ካለው የጨው ሜዳ ነው። ያ ሜዳ በጥንተ ዘመን የቀይ ባሕር ክንድ ነበረ። ክንዱ ከባሕሩ ተቆርጦ ውኃው ሲተንን ጨው ብቻ ቀረ። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚኖረው ጎንደሬ በእጁ ይለዋውጥ የነበረው እንግዲህ የደረቀ ባሕር ነው።

ምጽዋ ግን ከሕያው ባሕር ጋር ትኖር ነበር። ከተማይቱ የተቆረቆረችበት ደሴት ኮራል ነው፤ ኮራል ደግሞ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ስለሆነ የባሕሩን ውኃ ያሳልፋል። ስለዚህ የዚያ አገር ሰዎች ጉድጓድ ከማጥለቅ ይልቅ የዝናብ ውኃ ማጠራቀምን መረጡ፤ በዳህላክ ደሴቶች ከኮራል የተፈለፈሉት ጥንታውያን ማጠራቀሚያዎች ለዚህ ምስክር ናቸው። በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. የግብፅ መንግሥት ሹም የነበረው ስዊሳዊው ቬርነር ሙንዚንገር ከየብሱ፣ ከእምኩሉ፣ ጣፋጭ ውኃ በቦይ ወደ ከተማይቱ አስመጣ።

የዚህ ልማድ ምክንያት በሳይንስ የተገለጸው ቆይቶ ነው። ሆላንዳዊው ባዶን ጊበን በ1880ዎቹ መጨረሻ፣ ጀርመናዊው ሄርዝበርግ ደግሞ በ1901 እ.ኤ.አ. እንዳስረዱት፣ ጣፋጭ ውኃ ስለሚቀል ከመሬት በታች በጨዋማው ላይ ይንሳፈፋል። ከባሕር ጠለል በላይ ያለው 1 ሜትር ጣፋጭ ውኃ፣ ከጠለሉ በታች 40 ሜትር ያህል ጣፋጭ ውኃ ደግፎ ይይዛል። በፓምፕ ብዛት ያ 1 ሜትር ሲጎድል፣ ጨዋማው ውኃ ቀስ በቀስ 40 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይነሣል። አንድ ጊዜ የገባ ጨው ፓምፑ ስለቆመ ብቻ ቶሎ አይወጣም፤ በዝናብ ታጥቦ እስኪጠራ ብዙ ዓመታት ይፈጃል።

ጎንደርን ባሕር አያሰጋትም። ይሁን እንጂ በአንገረብ ግድብና በጉድጓድ ውኃ ለምትጠጣው ከተማም ሕጉ አንድ ነው፤ ከሚገባው በላይ የወጣ ውኃ ከነገው ላይ የተበደረ ነው። ልዩነቱ በማስጠንቀቂያው ላይ ነው። በባሕር ዳር ያለልክ የቀዳ ሰው ጥፋቱን በምላሱ ቀምሶ ያውቀዋል። በደጋው ግን ውኃው እስከ መጨረሻው ጣፋጭ እንደ ሆነ ይጎድላል። ስለዚህ በደጋ ያለ ባለሙያ ጣዕምን ሳይጠብቅ የጉድጓዱን የውኃ ከፍታ በየጊዜው መለካትና መመዝገብ ይገባዋል።