ለእርሻ ዝቅ ብሎ ስለ መብረርና ስለ አደጋው

ሰብልና ዛፍን ከተባይ ለማዳን በአይሮፕላን መድኃኒት መርጨት የተጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1921 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የአሜሪካው መቶ አለቃ ጆን ማክሬዲ በኦሃዮ፥ በትሮይ ከተማ አጠገብ፥ ትል በወረራቸው የካታልፓ ዛፎች ላይ አርሰኒክ ያለበት ዱቄት ነሰነሰ። ከ25 ዓመት በኋላም፥ በ1946 ዓ.ም.፥ ቤል 47 የተባለው ሄሊኮፕተር ለሲቪል አገልግሎት ፈቃድ በማግኘት የመጀመሪያው ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ እርሻ ሥራ ገባ።

አደጋው ግን ከጥቅሙ ጋር አብሮ የተወለደ መሆኑን ልብ እንበል። መድኃኒቱን ነፋስ ወደ ሌላ ማሳና ወደ ውሃ እንዳይወስደው፥ አብራሪው ከሰብሉ በላይ ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ መብረር አለበት። ሞተሩ ቢጠፋ፥ ከፍ ብሎ የሚበር ሄሊኮፕተር ቁልቁል ሲወርድ ከሥር የሚመጣው አየር ክንፉን ስለሚያሽከረክርለት በደኅና ሊያርፍ ይችላል፤ ዝቅ ብሎ በዝግታ የሚበረው ግን ለዚህ ጊዜ የለውም። ይልቁንም የሚያስፈራው በማሳው ላይ የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው፤ ከበስተኋላው ካለው መሬት ጋር ተመሳስሎ ከዐይን ይሰወራልና።

በ1970ዎቹ መጨረሻ በካናዳ ከሄሊኮፕተሩ ግንባር በላይና በታች የሚገጠም ሽቦ ቆራጭ ምላጭ ተሠራ። ነገር ግን ምላጩ ከፊት የመጣውን እንጂ ጅራቱን የያዘውን ሽቦ አይቆርጥም። ስለዚህ ዋናው መከላከያ፥ ከመነሣት በፊት ማሳውን ዞሮ ምሰሶዎቹን መመልከትና ገበሬውን መጠየቅ ነው እንላለን። ሽቦው የት እንዳለ ከማንም ይበልጥ የሚያውቀው ባለማሳው ነውና።