ስለ ሣጥን ምስማርና ስለ ሠሪው ክብር

በየደብሩ ዕቃ ቤት ሣጥን ከፍቶ አልባሳቱንና መጻሕፍቱን የሚመለከት ብዙ ነው፤ ሣጥኑን አጥብቆ የያዘውን ምስማር የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። ሳንቃው የዋንዛም ቢሆን የጽድ፥ ምስማሩ የላላ እንደ ሆነ ሣጥንነቱ ይቀራል። መጽሐፍም ምስማርን አልናቀም፤ ዳዊት ለበሮች ምስማር የሚሆን ብዙ ብረት ማዘጋጀቱ በቀዳማዊ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 22 ተጽፏል፤ የሰሎሞንም የወርቅ ምስማር ሚዛኑ 50 ሰቅል እንደ ነበረ በካልዑ ምዕራፍ 3 ይነበባል።

የሣጥን ምስማር ከቤት ምስማር ይለያል። ሳንቃው ስስ ስለ ሆነ ምስማሩ ከውፍረቱ ጥቂት ይረዝማል፤ ብረቱም ለስላሳ ነው። ከውጭ ሲመታ ከውስጥ ብረት ይደገፍለትና ጫፉ ተቀልብሶ ወደ እንጨቱ ተመልሶ ይገባል። እንዲህ የተቀለበሰ ምስማር ሣጥኑ በበቅሎ ጭነት ቢናወጥም በቀላሉ አይነቀልም። ቈዳ ወይም ቆርቆሮ ለለበሰ ሣጥን የሚሆነው ደግሞ ልባሱ ሾልኮ እንዳይወጣ ራሱ ሰፊ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት ፈረንጆች የቈዳ ሣጥናቸውን በናስ ምስማር ረድፍ ያስጌጡ ነበር፤ የዛንዚባርም ሣጥን በዚሁ የታወቀ ነው።

በአገራችን ምስማሩን የሚሠራ ቀጥቃጩ ነበር። ብረቱን በወናፍ አግሎ፥ በመዶሻ ቀጥቅጦ፥ አራት ማዕዘን አድርጎ ወደ ጫፉ ያቀጥነዋል። ሰው ግን በሥራው እየተጠቀመ እርሱን ጠይብ፥ ቡዳ እያለ ይሰድበው ነበር።

እንደ ደብረ ኤልያስ ባለ የቅኔ አገር ለተማረ ሰው ይህ ነገር እጅግ ያሳስባል። ቅኔያችን የሚመሰገንበት ሰምና ወርቅ ከማን ቤት የመጣ ስም ነው? ከአንጥረኛ ቤት አይደለምን? አንጥረኛው ምስሉን በሰም ሠርቶ በጭቃ ይለብጠዋል፤ ሰሙንም በእሳት አቅልጦ ካወጣ በኋላ በስፍራው ወርቁን ያፈሳል። እንግዲህ ሠሪውን እየሰደቡ የሥራውን ስም መዋስ ውለታን መካድ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ይህን ነገር አይተው በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ብረት ሠሪውን ጠይብ፥ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዩንም ደብተራ እያሉ መስደብን ከለከሉ። ቀጥቃጩና ደብተራው በአንድ ዐዋጅ ተጠበቁ ማለት ነው፤ እንግዲህ አንዱ ሌላውን በምን አፉ ይንቀዋል?

የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ የፋብሪካ ምስማር ማግኘት እየቀለለ ሄደ። ይህ ከሽቦ የሚቈረጠው ምስማር ድቡልቡልና ልሙጥ ነውና እንደ ቀጥቃጩ ምስማር እንጨቱን ጨብጦ አይይዝም፤ የደረቀውንም አሮጌ ሳንቃ ሳይበሱ ቢመቱበት ይሰነጥቀዋል።

ስለዚህ ሣጥን የሚያሳድሱ አለቆችና ገበዞች አሮጌውን ምስማር አይጣሉት፤ አቃንተው በቀድሞ ቀዳዳው ይመልሱት። አዲስ ካስፈለገም አስቀድመው በመሰርሰሪያ ያስበሱ፥ ለስላሳውንም ይምረጡ። በመዝገቡም የሰጪው ስም በተጻፈበት ገጽ የሠሪውንና የጠጋኙን ስም ጨምረው ይጻፉ።