የጎተራው ልጅ ንፍፊት

እስኪ ጠጋ በሉ፣ ላውጋችሁ። የጎተራ ኮንዶሚኒየም ልጅ ነው እንበል፤ ስም አንሰጠውም፣ እንደ እሱ ያለ በየሰፈሩ አለና። አንገቱ ሥር እብጠት ወጣበት። እናቱ ዳሰስ አደረጉና «ንፍፊት ነው ልጄ፣ ይጠፋል» አሉ። አልጠፋም። ሌሊት ላብ ሲያጠምቀው፣ ሱሪው ወገቡ ላይ ሲሰፋበት ሐኪም ቤት ሄደ። በመርፌ ናሙና ተወሰደ፤ መልሱ አልጠራም። «እጢው ወጥቶ ይታይ» ተባለ።

ላብና መክሳት የቲቢ ምልክት ነው፤ ሆጅኪን የሚባለው የሊምፍ ካንሰርም ምልክት ነው። በአገራችን የአንገት እጢ ቲቢ ስለሚበዛ ጥርጣሬው ወደዚያ ቢያደላ አይገርምም። ነገር ግን የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም።

እጢው ወጣ፤ ታላቅ ወንድሙ ናሙናውን ብልቃጥ ውስጥ፣ ብልቃጡን በፌስታል ይዞ ጎተራ ማሳለጫ ላይ ታክሲ ይጠብቃል። ረዳቱ «ለገሃር! ለገሃር!» ይላል። የወንድም መድረሻ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። እንግዲህ ስሙኝ፣ የነገሩ ክፉም ደጉም ያለው እዚያ ብልቃጥ ውስጥ ነው። ሥጋ ከሰውነት ከተለየበት ደቂቃ ጀምሮ ይበላሻል። የሚያስቆመው ፎርማሊን የሚባለው ፈሳሽ ነው፤ መጠኑም ቢያንስ የሥጋውን አሥር እጥፍ ይሁን። ካነሰ ዳር ዳሩ ይድንና መሃሉ ይበሰብሳል። ጠባብ አፍ ያለው ጠርሙስም ጣጣ ነው፤ ለስላሳ ሆኖ የገባው ሥጋ ፎርማሊን ሲጠጣ ይጠነክርና አልወጣም ይላል። ስም ካልተጻፈበት ደግሞ ባለቤቱን ማን ይናገርለታል?

የዚህኛው ደህና ደረሰ። ተለካ፣ ተቆረጠ። ሌሊቱን አልኮል ውሃውን ሲያወጣለት፣ ዛይሊን አልኮሉን ሲተካው፣ የቀለጠ ፓራፊን ሰም ሲሰርግበት አደረ። ጠዋት ሰም ውስጥ ተቀብሮ ብሎክ ሆነ። አሁን የቴክኒሻኑን እጅ እዩልኝ! ማይክሮቶም የሚባለውን መቁረጫ እጀታ ሲያዞር ሰሙ እየተላጠ ይወጣል፤ ውፍረቱ 4 ማይክሮን ገደማ ነው፣ ከአንድ ቀይ የደም ህዋስ ስፋት ያነሰ። ትንፋሽ ይወስደዋል። በቀጭን ብሩሽ ያነሳና ለብ ያለ ውሃ ላይ ያሳርፈዋል፤ ሽብሽቡ ሲዘረጋ ከሥር በስላይድ ይቀበለዋል። ከዛፍ ግንድ የሚገኘው ሄማቶክሲሊን የህዋሱን አስኳል ሰማያዊ ያደርገዋል፤ ኢዮሲን የቀረውን ሮዝ።

ናሙና መርማሪዋ ሐኪም፣ ፓቶሎጂስቷ፣ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሱ። ቲቢ ቢሆን ግራኑሎማ የሚባሉ የህዋስ ስብስቦች፣ መሃላቸውም አይብ የመሰለ የሞተ ሥጋ ይጠበቃል። ግራኑሎማውስ አለ። ግን ሆጅኪንም ውስጥ ሊገኝ ስለሚችል አልቸኮሉም፤ ስላይዱን ገፋ መለስ አደረጉ። አንድ ጥግ ላይ ግዙፍ፣ ሁለት አስኳል ያለው ህዋስ አፈጠጠባቸው። ሐኪሙ ስተርንበርግ በ1898፣ ሐኪሟ ዶሮቲ ሪድ በ1902 እ.ኤ.አ. የገለጹት ህዋስ ነው። ማረጋገጫ ቀለም ተጨመረ። ሆጅኪን!

ቤት ውስጥ ለቅሶ ሆነ። እኔ ግን እላችኋለሁ፣ ይህ ልጅ ዕድለኛ ነው። ሆጅኪን በወቅቱ ከታከመ አብዛኛው ሰው የሚድንበት ካንሰር ነው፤ ስድስት ወር የቲቢ ኪኒን ሲውጥ ቢከርም ኖሮ በሽታው በሰውነቱ ይሰራጭ ነበር።

ስለዚህ ከእናንተ ወይም ከዘመዳችሁ ሰውነት እጢ ከወጣ «ወደ ፓቶሎጂ ይላክ» በሉ። ሰፊ አፍ ያለው ዕቃ፣ በቂ ፎርማሊንና የተጻፈ ስም መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። ብሎኩ ለዓመታት ስለሚቀመጥ ሌላ ሐኪም እንዲያየው መጠየቅም ትችላላችሁ። ውጤቱን መሳቢያ ውስጥ አታስቀሩት፤ በዚያው ቀን ለሚያክማችሁ ሐኪም አድርሱት።