በእግር ልክ የሚሠራ የጫማ ንጣፍ

በእግር ልክ የሚሠራ የጫማ ንጣፍ ለአንድ ሰው እግር ብቻ ተቀርጾ ጫማ ውስጥ የሚገባ ድጋፍ ነው። ሥራው የሰውነት ክብደት በውስጥ እግር ላይ የሚያርፍበትን ቦታ መቀየር ነው። ተረከዙን የሚያመው፣ እግሩ ተሰብሮ ሲጠገን ያጠረበት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በስኳር በሽታ ወይም በሥጋ ደዌ ምክንያት የእግሩ ስሜት የደነዘዘ ሰው ይጠቀምበታል።

ንጣፉ የሚሠራው ግን ጫማው ከተመቸው ነው፤ ለምሳሌ በሰሜን ተራሮች ግርጌ ያለችውን ደባርቅን እንውሰድ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከከተማዋ በአንድ በኩል የሊማሊሞ ቁልቁለት ይወርዳል፤ በሌላው በኩል መንገዱ ወደ ሳንቃ በርና ጨነቅ ያቀናል። በዚህ መንገድ ቱሪስት የሚያጅበው ስካውትም ሆነ በቅሎ የሚነዳው ሰው ብዙ ጊዜ የሚጫማው ኮንጎ የሚባለውን የፕላስቲክ ጫማ ነው። ኮንጎ ርካሽ ነው፣ ይታጠባል፣ ዝናብም አይበግረውም። ለንጣፍ ግን ፈጽሞ አይመችም፤ ውስጡ ጠባብ፣ ጎኑ ክፍት ስለሆነ የገባበት ሁሉ ሾልኮ ይወጣል። ከዳባት ወይም ከደባርቅ ገጠር ለመጣ ገበሬ ስለ ንጣፍ ከማውራት በፊት ስለ ጫማው ማውራት ይገባል።

ሥራው የሚጀምረው በምርመራ ነው። ባለሙያው ታካሚውን አስቁሞ ተረከዙ ወዴት እንዳዘነበለ ያያል፣ ያስኬደዋል፣ አሮጌ ጫማውን ገልብጦ የተበላውን ጎን ይመለከታል። ቀጥሎ በ10 ግራም ኃይል የምትጎብጥ ቀጭን የናይለን ክር ይዞ ውስጥ እግሩን ነካ ነካ ያደርጋል። ታካሚው ዓይኑን ጨፍኖ ካልተሰማው፣ እሾህ ቢወጋው ወይም ጠጠር ቢቆረቁረው አያውቅም ማለት ነው። ቀለም የተቀባ ስስ ላስቲክ ላይ ሲረግጥ ደግሞ ከሥሩ ባለው ወረቀት ላይ አሻራው ይታተማል፤ ጫና የበዛበት ቦታ ጠቁሮ ይወጣል።

ከዚያ ልክ ይወሰዳል። ውሃ የነካው የጀሶ ፋሻ እግሩ ላይ ይጠቀለላል፤ እስኪጠነክር ባለሙያው ተረከዙ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም እንዳያዘነብል አድርጎ ይይዘዋል። እነዚህ ጥቂት ደቂቃዎች የሥራው ግማሽ ናቸው፤ እዚህ ላይ የተጣመመ በኋላ በቀላሉ አይቃናም። ቅርፊቱ ሲወልቅ ውስጡ ጀሶ ይፈስበትና የእግሩ ምስል ይወጣል። ለተመልካች ግራ የሚያጋባው ቀጣዩ ነው፦ ቁስል በነበረበት ቦታ ምስሉ ላይ ጀሶ ይጨመራል፤ ድጋፍ በሚፈለግበት የውስጥ እግር ጎድጓዳ ላይ ግን ጀሶው በሞረድ ይፋቃል። ንጣፉ የሚለበጠው በምስሉ ላይ ስለሆነ የተጨመረው በንጣፉ ላይ ጎድጎድ፣ የተፋቀው ጉብታ ይሆናል። ኢቫ የሚባለው ስፖንጅ መሰል ማቴሪያል፣ ጠንካራ ካስፈለገም ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ፣ በምድጃ ለስልሶ ምስሉ ላይ ይለበጣል። ሲበርድ ይቆረጣል፣ ጠርዙ ይሞረዳል፣ ድርቡ በማስቲሽ ይጣበቃል። ዛሬ እግርን በካሜራ አንብቦ በኮምፒውተር የሚቀርጽ አሠራርም አለ፤ ጀሶው ግን ገና ከሥራ አልወጣም።

በኢትዮጵያ የዚህ ሙያ ታሪክ ከሥጋ ደዌ ሕክምና ጋር የተያያዘ ነው። በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል የተቋቋመው በ1958 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከሕክምናው ጎን ለታካሚዎች የሚሆን ጫማ የሚሠራበት ክፍልም ነበረው። በደቡብ ሕንድ ቬሎር ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ፖል ብራንድ ቁስሉን የሚያመጣው ስሜት ባጣ እግር ላይ የሚደጋገም ጫና መሆኑን አሳይተው ነበር። መፍትሔውም ለስላሳ ላስቲክ የተነጠፈበት፣ ከታች ጠንካራ ሶል ያለው፣ ከተረከዙ ኋላ በማሰሪያ የሚያዝ ሰንደል ሆነ። አንድ ጥብቅ ደንብ ነበረው፦ ሚስማር አይመታበትም። ከመኪና ጎማ የሚሠራው በረባሶ በሚስማር ሲያያዝ፣ የሚስማሩ ጫፍ ብቅ ቢል የደነዘዘ እግር እየቆሰለ ይጓዛል። ለሰሜን ተራሮች ግርጌ የሚበጀው ይኸው የሰንደል መንገድ ይመስላል፤ ንጣፉን ከጫማው ነጥሎ ከመስጠት ሁለቱን አንድ አድርጎ መሥራት።

ያጠረ እግርም የራሱ ሒሳብ አለው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ውጊያ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደርሶ ነበር፤ በጥይት የተሰበረ አጥንት ደግሞ ሲድን ሊያጥር ይችላል። እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያለውን ልዩነት ተረከዝ ሥር የሚገባ ንጣፍ ይሸፍነዋል። ከዚያ ካለፈ እግሩ ከጫማው ስለሚወጣ ጭማሪው ከውጭ፣ በሶሉ ላይ ይደረጋል።

አዲስ ንጣፍ ቀስ ተብሎ ይለመዳል፦ የመጀመሪያው ቀን አንድ ሁለት ሰዓት፣ ከዚያ በየቀኑ ጨመር እያደረጉ። ጫማው ሲወልቅ የቀላ ቦታ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልጠፋ ንጣፉ መታረም አለበት። ችግሩ መንገዱ ነው። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የአካል ማገገሚያ ማዕከል ወዳለባት ባሕር ዳር መሄድ ካስፈለገ ሌላ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። ልክ ለማስወሰድ፣ ለመሞከር፣ ለማሳረም መመላለስ ሊኖር ነው።

ይህ ሁሉ ልፋት ለሁሉም አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2006 በአውስትራሊያ ተረከዛቸውን በሚያማቸው 135 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት በልክ የተሠራው ንጣፍ ተዘጋጅቶ ከሚሸጠው እንዳልበለጠ አሳይቷል። ስለዚህ ተራ የተረከዝ ሕመም ያለበት ሰው ከሱቅ በሚገዛው ቢጀምር አይጎዳም። እግሩ የደነዘዘ ግን አይዘግይ። ሲሄድም ለክብር ቀን ያስቀመጠውን ሳይሆን ዘወትር የሚጫማውን ጫማ ይዞ ይሂድ፤ ባለሙያው ማየት የሚፈልገው እሱን ነው።