ረዥሙ ሸክላ ድርሰት የሆነበት ዘመን

ሙዚቃ ከተቀረጸበት ዕቃ ተለይቶ የሚኖር ረቂቅ ነገር እንደ ሆነ ማሰብ ልማዳችን ቢሆንም፥ የዕቃው ስፋትና ጥበት በድርሰቱ ላይ ሥልጣን እንዳለው የሸክላ ታሪክ በግልጽ ያስረዳናል። በ1948 (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኮሎምቢያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በደቂቃ 33 ዙር ከሲሶ የሚዞረውን ረዥም ሸክላ ለገበያ ሲያቀርብ፥ በአንድ ገጽ ላይ ከ20 ደቂቃ በላይ የሚሰማ ሙዚቃ ማኖር ተቻለ፤ ነገር ግን በዚህ ሰፊ ቦታ የተጠቀሙት አስቀድሞ የሲምፎኒና የኦፔራ ሰዎች፥ ቀጥሎም የጃዝ ሊቃውንትና እንደ ፍራንክ ሲናትራ ያሉ ድምፃውያን ነበሩ እንጂ፥ ለወጣቶች የሚዘፍኑት ድርሻቸው በየገጿ አንዳንድ ዘፈን የምትይዘው ባለ 45 ዙሯ ትንሽ ሸክላ ነበረች። ለእነርሱ ረዥም ሸክላ ማለት በገበያ የታወቁትን አንድ ሁለት ዘፈኖች አስቀድሞ የቀረውን ቦታ በተገኘው ነገር መሙላት ነበር።

ቢትልስ የተባሉት አራት የሊቨርፑል ልጆች የመጀመሪያ ረዥም ሸክላቸውን ያዘጋጁት በዚሁ ልማድ ነው። ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1963 በለንደን በአቤይ ሮድ ጎዳና ወደሚገኘው የኢ.ኤም.አይ. ስቱዲዮ ገብተው፥ ከ14ቱ ዘፈኖች 10ሩን በዚያው በአንድ ቀን ቀርጸው ወጡ፤ በጉንፋን የታመመው ጆን ሌነን ድምፁ ሊጠፋ በተቃረበበት ሰዓት የመጨረሻውን ዘፈን እንዴት አድርጎ እንደ ጮኸው የሰማ ሁሉ፥ ችኮላም የራሱ ጸጋ እንዳለው ሳይመሰክር አያልፍም። ሆኖም ያ ሸክላ የመድረክ ጨዋታቸው ቅጂ እንጂ ራሱን የቻለ ድርሰት አልነበረም።

ነገሩ የተለወጠው በዲሴምበር 1965 «ራበር ሶል» ሲወጣ ነው። ጆርጅ ሃሪሰን የሕንዶችን ሲታር ያሰማበት፥ ፍቅርም እንደ ልጅነት ጭፈራ ሳይሆን እንደ ጐልማሳ ጭንቀት የተነገረበት ይህ ሸክላ፥ ለመሙያ ተብሎ የገባ ዘፈን የማይታይበት ነበር። የሚያስደንቀው ግን በአሜሪካ ያሳተመው ካፒቶል የተባለው ኩባንያ ከዘፈኖቹ አንዳንዶቹን አውጥቶ ሁለት ሌሎች ጨምሮበት ስለ ነበረ፥ በካሊፎርኒያ ተቀምጦ ይህን ሰምቶ ልቡ የተነካው ብራያን ዊልሰን እንደ አንድ ሙሉ ሥራ የተቀበለው፥ ባለቤቶቹ ያልደረደሩትን ድርድር መሆኑ ነው። ከነጋዴ እጅ የወጣ ስሕተት ለታላቅ ሥራ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም።

ዊልሰን በዚያን ጊዜ የ23 ዓመት ወጣት ነበር። ከሁለት ወንድሞቹ፥ ከአጎት ልጁና ከአንድ ጓደኛው ጋር ያቋቋመው ቢች ቦይስ የተባለው ጓድ ስለ ባሕር ሞገድና ስለ መኪና በመዝፈን ገንዘብም ዝናም አግኝቷል፤ እርሱ ግን በ1964 መጨረሻ በአውሮፕላን ውስጥ ጭንቀት ከያዘው በኋላ ከጓዱ ጋር መዞሩን ትቶ በስቱዲዮ ተወሰነ። ባልንጀሮቹ በጃፓን ሲዘፍኑ፥ ቶኒ አሸር ከተባለ የማስታወቂያ ጸሐፊ ጋር ተቀምጦ ግጥሙን አዘጋጀ፤ ከዚያም የሆሊውድን የተመሰከረላቸው ሙያተኞች፥ ከበሮ መቺውን ሃል ብሌንን፥ ቤዝ የምትመታውን ካሮል ኬይን የመሳሰሉትን ሰብስቦ፥ ለየአንዳንዱ ድርሻውን እየዘፈነና እየነገረ ያስጠናቸው ነበር። ቀኝ ጆሮው እምብዛም የማይሰማ ስለ ሆነ ሥራውን የጨረሰው በሞኖ፥ ይኸውም ድምፁ ሁሉ በአንድ መስመር በሚወርድበት ስልት ነው። «ፔት ሳውንድስ» የተባለው ይህ ሸክላ በሜይ 1966 ወጣ።

እኔ ከዘመኑ ሸክላዎች ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ። ምክንያቴም የመሣሪያው ብዛት አይደለም፤ የብስክሌት ደወል፥ የባዶ ጣሳ ድምፅ፥ የውሻ ጩኸት ሳይቀር ተቀርጾበታልና ስለ ብዛቱ ብቻ የሚያደንቁት አልጠፉም። እኔን የሚገዛኝ ሥራው መቅድምና ተፍጻሜት ያለው መሆኑ ነው፤ አድገው ለመጋባት በሚቸኩሉ ሁለት ወጣቶች ምኞት ይጀምርና፥ ፀጉሯን ተቆርጣ የቀድሞ መልኳና ጠባይዋ በጠፋባት ልጅ ኀዘን ይፈጸማል። ማደግን የሚመኘው ልብ ማደግ ያሳጣውን ነገር እስኪያይ ድረስ ያለው መንገድ በ13 ቁራጭ ተሰድሯል።

ከእነዚህም «ጎድ ኦንሊ ኖውስ» የተባለው ዘፈን ቀርበን እንድንመለከተው የሚገባ ነው። የእግዚአብሔርን ስም በፖፕ ዘፈን አርእስት ላይ ማኖር ያን ጊዜ የሚያስፈራ ድፍረት ነበረ። መክፈቻው የፈረንሳይ ሆርን የተባለው መለከት ሲሆን፥ ከሥሩ አኮርዲዮንና ቃጭል ይከተሉታል፤ ቤዙ ብዙ ጊዜ የኅብሩን መሠረት ድምፅ ትቶ ሌላውን ስለሚይዝ ዜማው መሬት ሳይረግጥ የሚንሳፈፍ ይመስላል፤ ተናጋሪው ገና በመጀመሪያው ቃሉ ፍቅሩ ዘላለማዊ ላይሆን እንደሚችል ያምናልና፥ የግጥሙ አለመርጋትና የኅብሩ አለመርጋት አንድ ይሆናሉ። ዋናውን ድምፅ ዊልሰን ለራሱ ሳያስቀር ለ19 ዓመቱ ወንድሙ ለካርል ሰጠው። በፍጻሜው ድምፆቹ እንደ ቀኝና ግራ የማሕሌት ጓዶች እየተቀባበሉ ሲዞሩ ዘፈኑ ሳያልቅ ይርቃል። የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ ከሰማቸው ዘፈኖች የሚበልጥበት ይህ መሆኑን ደጋግሞ መስክሯል።

የአሜሪካ ሕዝብ ግን በልኩ አልተቀበለውም፤ በገበያው ሰንጠረዥ 10ኛ ሆኖ ሲቆም፥ የጓዱ አሳታሚ ኩባንያ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የቆዩ ዘፈኖቹን ስብስብ አውጥቶ ገበያውን ተሻማበት። በእንግሊዝ አገር 2ኛ ደረጃ ደረሰ።

በለንደን የቢትልስ «ሪቮልቨር» ከኤፕሪል ጀምሮ በመሠራት ላይ ስለ ነበረ የዊልሰን ልጅ ነው ማለት አይቻልም፤ እኩያው ነው። «ኤሊኖር ሪግቢ» በተባለው ዘፈኑ ውስጥ ከአራቱ አንዱም መሣሪያ አልያዘም፤ የሚሰሙት የሸክላቸው አዘጋጅ ጆርጅ ማርቲን ያቀናጃቸው አራት ቫዮሊን፥ ሁለት ቪዮላና ሁለት ቼሎ ናቸው፤ የድምፅ መሐንዲሱ ጄፍ ኤመሪክ ማይክሮፎኑን እስከ አውታሩ ድረስ ስላስጠጋው ሙዚቀኞቹ ተቆጥተው ወንበራቸውን ወደ ኋላ ይስቡ ነበር ይባላል። ቀባሪ አጥታ የሞተችው ብቸኛ ሴት ታሪክ ያን ያህል የሚቆረቁረን የቀስቱን መፋቅ በጆሯችን አጠገብ ስለምንሰማው ነው። በዚያው ሸክላ መጨረሻ ደግሞ አንድ ኅብር ብቻ ሳይለወጥ ሲያንጐራጕር፥ ተቆርጠው የተቀጠሉ የቴፕ ቀለበቶች ይዞሩበታል፤ በተራራ ራስ ላይ እንደሚጸልይ መነኩሴ መሰማት የፈለገውም ሌነን ድምፁ በኦርጋን ተሽከርካሪ ድምፅ ማጉያ ውስጥ አልፎ ተሰምቷል። በጥበብ ስፋት የሚተካከለው አላገኘሁም።

ሰዎች ከሁሉ አብልጠው የሚያወድሱት የ1967ቱ «ሳርጀንት ፔፐር» ነው። ኦገስት 29 ቀን 1966 በሳን ፍራንሲስኮ የመድረክ ጕዟቸውን የፈጸሙት ቢትልስ በባለ አራት ትራክ ቴፕ፥ አራቱን መስመር ሞልተው ወደ አንድ እያጠፉ፥ ባዶ በሆነው ላይ እየጨመሩ የሠሩት ሥራ በትዕግሥቱ የሚያስከብር ነው፤ 40 ሙዚቀኞች ከዝቅተኛው ድምፅ እስከ ከፍተኛው የወጡበት የመጨረሻው ዘፈንም ከዘመኑ ታላላቅ ሥራዎች አንዱ ነው። ነገር ግን ሸክላው የአንድ ምናባዊ የሙዚቃ ጓድ ጨዋታ ነው የሚለው ሐሳብ ከሁለተኛው ዘፈን በኋላ ይረሳል፤ ወደ ፍጻሜው አንድ ጊዜ ብቅ ማለቱም አያድነውም። በዚያው ወራት የተቀረጹት ሁለቱ የተሻሉ ዘፈኖች፥ «ስትሮቤሪ ፊልድስ» እና «ፔኒ ሌን»፥ በትንሿ ሸክላ ቀድመው በመውጣታቸው ከውስጡ ቀሩ፤ ማርቲን ራሱ ኋላ ይህን እንደ ታላቅ ስሕተቱ ቈጥሮታል። እንግዲህ የዝናው እኩሌታ የሠዓሊዎቹ የፒተር ብሌክና የጃን ሃዎርዝ ሽፋን ያመጣው ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ዊልሰን «ስማይል» ብሎ የጀመረውን ተከታይ ሥራ በ1967 ተወው፤ የፈጸመውም በ2004 ነው። በጁን 2025 ዐረፈ። አንባቢ ሆይ፥ «ፔት ሳውንድስ» 36 ደቂቃ ገደማ ብቻ ይወስዳል፤ ከመካከሉ ሳትመርጥ፥ በሞኖው ቅጂ፥ በተሰደረበት ተራ እስከ መጨረሻ ስማው።