የአንጀት ባክቴሪያና የሰውነት ውፍረት፤ እንዴት ታወቀ?

 ከእናንተ በፊት የገቡ ሰዎች «እዚያ ሳለን ቀጭን ነበርን፤ እዚህ ግን ብዙ ሳንበላ ወፈርን» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። የዚህ መንስኤው ብዙ ነው። የእግር መንገድ ይቀንሳል፤ ነጭ ዳቦና ለስላሳ መጠጥ ይበዛል። ሆኖም ሳይንቲስቶች የደረሱበት ሌላም ምክንያት ስላለ ታሪኩን ከመነሻው ላጫውታችሁ። ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በ1683 በሆላንድ አገር በዴልፍት ከተማ አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ የሚባል የጨርቅ ነጋዴ፣ ከጥርሱ የፋቀውን ቆሻሻ ራሱ በሠራው ማጉያ መነጽር ቢመለከት፣ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ሲንቀሳቀሱ አየ። ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ እነ ሮበርት ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን (በ1882) እና የሌሎች በሽታዎችን ባክቴሪያ ሲያገኙ፣ ባክቴሪያ ማለት ጠላት ማለት ሆነ። እኔም በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ የተማርኩት፣ ለተማሪዎቼም ያስተማርኩት ይህንኑ ነበር። ትምህርቱ ስሕተት አልነበረም፤ ግን ግማሽ ነበር። በአንጀታችን በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ አብዛኞቹም አይጎዱንም። ሆዳችን ሊፈጨው ያልቻለውን የእህልና የአትክልት አሰር እነሱ ይሰባብሩታል፤ ከዚያ የሚገኘውንም ኃይል ያካፍሉናል።

ከውፍረት ጋር ያላቸው ግንኙነት ጎልቶ የታየው በ2004 ነው። በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ጄፍሪ ጎርደንና ባልደረቦቻቸው፣ ከተወለዱ ጀምሮ ባክቴሪያ ያልነካቸው አይጦች አሳደጉ። ለእነዚህ የሌሎች አይጦችን የአንጀት ባክቴሪያ ቢሰጧቸው፣ የሚበሉት ቀንሶ ሳለ የሰውነታቸው ስብ በ14 ቀን ውስጥ በ60 በመቶ ያህል ጨመረ። በ2013 ደግሞ አንዷ ወፍራም፣ አንዷ ቀጭን ከሆኑ መንትያ ሴቶች የተወሰደ ባክቴሪያ ለአይጦች ተሰጠ። የወፍራሟን የተቀበሉት ስብ አበዙ። ሁለቱ ዓይነት አይጦች በአንድ ሣጥን አብረው ሲኖሩ ግን የቀጭኗ ባክቴሪያ ወደ ሌሎቹ ተላልፎ ከውፍረት ጠበቃቸው። ይህም የሆነው ምግባቸው ስብ ያነሰበትና አሰር የበዛበት ሲሆን ብቻ ነው።

አገር ለለወጥን ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው በ2018 የወጣው ጥናት ነው። ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ሚኒሶታ የገቡ የህሞንግና የካረን ሴቶች ተመረመሩ፤ በጥናቱ ከ500 የሚበልጡ ሴቶች ተካተዋል። አሰር የሚሰባብሩት ባክቴሪያዎቻቸው በገቡ በጥቂት ወራት ውስጥ መቀነስ ጀመሩ። ዓመታት በጨመሩ ቁጥር ጉድለቱ ጨመረ፤ በወፍራሞቹ ላይ ጎልቶ ታየ፤ እዚያው በተወለዱት ላይ ደግሞ ባሰ።

በዚህ በእስራኤልም በ1988 የታተመ ጥናት፣ ከኢትዮጵያ በገቡ ወጣቶች ዘንድ የስኳር በሽታ በዝቶ መገኘቱን አሳይቷል። ያ ጥናት ባክቴሪያን አልመረመረም፤ ሆኖም ነገሩ ቤታችን ድረስ የሚመጣ መሆኑን ያስታውሰናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ባክቴሪያ ብቻውን ያወፍራል ማለት አይደለም፤ «ያከሳል» ተብሎ የሚሸጥ የባክቴሪያ ክኒን ለመግዛትም አትቸኩሉ። እንጀራ በምጣድ ላይ ሲበስል የእርሾው ተሕዋስያን አብዛኞቹ ይሞታሉ፤ የጤፉ አሰር ግን ይቀራል፣ የአንጀት ባክቴሪያም የሚመገበው እሱን ነው። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና ጎመን እዚህም በቀላሉ ይገኛሉ። ክብደታችሁ ወይም ስኳራችሁ የሚያሳስባችሁ ከሆነ በኩፓት ሆሊም ሐኪማችሁን ጠይቁ። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ነጭ ዳቦና ጣፋጭ ቢጠይቁ አትቆጡ፤ የሽሮውን ሣሕን ግን ከማዕዱ አታንሱ።