ምርቃት የደረሰላት ሀገር



አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በኢንቦክስ «ቲቸር፣ ጃፓን በሽማግሌ ብዛት ልትወድቅ ነው የሚባለው እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሱ ስለረዘመብኝ እዚሁ ልጻፈው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እኛ ሰው ስንመርቅ «ዕድሜ ይስጥህ» እንላለን። ጃፓን ይህ ምርቃት ለሕዝቡ በሙሉ የደረሰላት ሀገር ናት። ከጦርነቱ ማግስት፣ በ1947፣ አማካይ ዕድሜ ለወንድ 50፣ ለሴት 54 ገደማ ነበር። ዛሬ ወንዱ 81፣ ሴቷ 87 ደርሰዋል። ተአምር አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ በመድኃኒት ተገታ። በ1961 የጤና መድን ለሁሉም ዜጋ ተዳረሰ። ጨው ቀንሱ የሚለው ትምህርት ገጠር ድረስ ወረደና በስትሮክ የሚሞተው ሰው ቀነሰ።

አሁን ስለ አንዲት ጽዋ ላውጋችሁ። በ1963 የጃፓን መንግሥት የአረጋውያን ደኅንነት ሕግ አወጣ። በዚያው ዓመት መቶ ዓመት ለሚሞላው ሰው ሁሉ ከንጹሕ ብር የተሠራች የሳኬ መጠጫ ጽዋ መስጠት ተጀመረ። (ብር ስል ማዕድኑን ነው፣ የኪሳችንን አይደለም!) ያኔ በመላ ሀገሪቱ መቶ የደፈኑት 153 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ለ153 ሰው ብር ቢሰጥ ማን ይጎዳል? በ2025 ግን ቁጥራቸው ከ99 ሺህ አለፈ። መንግሥት መጀመሪያ ጽዋዋን አሳነሳት። በ2016 ደግሞ ንጹሕ ብርነቷ ቀርቶ በብር የተለበጠች ሆነች።

የጃፓን የጡረታ ታሪክ በሙሉ እዚህች ጽዋ ውስጥ አለ። ቃሉ የተገባው ሽማግሌ ጥቂት በነበረ ጊዜ ነው። ሂሳቡ የመጣው ሽማግሌው ሲበዛ ነው።

1973ን እዩ። ኢኮኖሚው ይጋልብ ነበር። በጠቅላይ ሚኒስትር ካኩኤይ ታናካ ዘመን ዕድሜው 70 ለሞላ ሰው ሕክምና በነጻ ሆነ፤ ጡረታም ከኑሮ ውድነት ጋር አብሮ እንዲያድግ ተደረገ። ዓመቱ ሳያልቅ ግን የነዳጅ ዋጋ ሰማይ ነካ፤ የዚያ ፈጣን እድገት ዘመንም አበቃ። ሆስፒታሉ በሽታ ብሶባቸው ሳይሆን ቤት የሚጦራቸው አጥተው በሚተኙ አረጋውያን ተጨናነቀ። በ1983 ነጻ ሕክምናው ቀረ።

ሌላው ነገር ፍጥነቱ ነው። ከ65 ዓመት በላይ የሆነው ሕዝብ ከ7 በመቶ ወደ 14 በመቶ እስኪደርስ ፈረንሳይ ከ100 ዓመት በላይ ፈጅቶባታል። ጃፓን ግን በ24 ዓመት፣ ከ1970 እስከ 1994፣ ጨረሰችው። ዛሬ 29 በመቶ ገደማ ነው። ሰው ዕድሜው ስለረዘመ ብቻ አይደለም፤ ልጅም ቀነሰ። በ1949 ወደ 2.7 ሚሊዮን ሕፃናት ተወልደው ነበር። በ2024 ከ700 ሺህ በታች።

ታዲያ ምን አደረጉ? በ1989 በ3 በመቶ የጀመረው የፍጆታ ግብር በ2019 10 በመቶ ደረሰ። የጡረታ መውጫው ከ60 ወደ 65 ቀስ በቀስ ተገፋ። ሠራተኛና አሠሪ በጋራ የሚያዋጡት የጡረታ መዋጮ ከፍ ከፍ ሲል ቆይቶ በ2017 በ18.3 በመቶ እንዲቆም ተደረገ። ዛሬ ከ65 ዓመት በላይ ከሆኑት አራት ሰዎች አንዱ ገና ሥራ ላይ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ የምወደው ግን የ2000ውን የእንክብካቤ መድን ነው። ከዚያ በፊት ሽማግሌውን የሚያጥበው፣ የሚያጎርሰው ማን ነበር? ምራትና ሴት ልጅ፤ ያለ ደሞዝ። ያ ሥራ ከዚያ በፊትም ወጪ ነበረው፤ በመዝገብ ግን አልተጻፈም። መድኑ ከ40 ዓመት በላይ ያለውን ሁሉ እያስከፈለ ጻፈው።

እኛስ? አባቶቻችን በ1931ዱ ሕገ መንግሥት ከጃፓን ብዙ ቀድተዋል፤ ያኔ ያዩት እንዴት እንዳደገች ነው። አሁን እንዴት እንዳረጀች ማየት የእኛ ፋንታ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጃችን ከዚያች ጽዋ ጋር እኩያ ነው፣ የ1963 ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ የገባበት በ2011 ነው። ገበሬው ዛሬም ውጭ ነው፤ የእሱ ጡረታ ልጁ ነው። መዋጯችን ደግሞ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11፣ በድምሩ 18 በመቶ። ከጃፓን ጋር ተቀራራቢ ነው፤ እኛ ግን ገና የወጣት ሀገር ነን! ዛሬ የሚያዋጣው ብዙ፣ የሚጦረው ጥቂት ነው። ይህ ጊዜ የእኛ «153» ነው።

ስለዚህ ልጄ፣ ጃፓንን የሚያስጨንቃት የሽማግሌው ዕድሜ ሳይሆን ሂሳቡ ዘግይቶ መሠራቱ ነው። እኔ በመምህርነት ጡረታ የምኖር ሰው ነኝ፤ በየወሩ የምቀበላት ከእናንተ ደሞዝ የምትቆረጠው ናት። እናንተ በተራችሁ ስትጦሩ ጽዋችሁ ልባጥ እንዳትሆን የዛሬው መዋጮ የት እንደሚቀመጥ፣ የኑሮ ውድነቱ ስንቱን እንደሚበላው ከአሁኑ ጠይቁ።

እናንተስ ቤት አባትና እናትን የሚጦረው ማን ነው? አዋጁ ወይስ እናንተ? ከታች ጻፉልኝ።

ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጣችሁ።